ያልታጠፈ የባሕር ቅጠል

ጄጁ ደሴት፣ ማርች 14 ቀን 1997

ይድረስ ለልጄ ለሚራን፤

እንደምን ከርመሻል? ባልሽ ሀጂ ደህና ነው? አማትሽ ቢ ምዋናኢዲስ? እኔ ከጆሮዬ ጩኸት በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬ ደግሞ መጮህ የጀመረው አባትሽን ሳላገባ ስለሆነ እንደ በሽታ አልቆጥረውም።

ለጥያቄሽ መልሱ «እሺ» ነው። እመጣለሁ። አንብበሽ እንዳትጮኺ፤ ያለሽው ሰው አገር ነው።

ቶሎ ያልመለስኩልሽ ንቄሽ አይደለም። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሥራ በበዛበት ሰሞን ነው። አሁን ግን የነፋሷ አያት የምንላት መንፈስ ደሴታችንን የምትጎበኝበት ወር ገባ፤ ማንም ጠላቂ ውሃ አይነካም። እጄ ደረቅ ሲል ብዕር ያዝኩ።

አብረውኝ ለሚጠልቁት ሴቶች የነገርኳቸው ከባሕር ወጥተን እሳት ስንሞቅ ነው። «ሚራን ዛንዚባር መጥተሽ አንድ ዓመት ተቀመጪልኝ ብላኛለች» አልኳቸው። ማልሱን፣ አፏን ታውቂዋለሽ፣ «እዚያ እኮ ባሕሩ እንደ ሾርባ የሞቀ ነው አሉ፤ ተቀቅለሽ ትመለሻለሽ» አለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ቦክሲል በአንድ ዓመት አትበስልም፤ ሥጋዋ ጠንካራ ነው» አለች። ሳቁ ወደቡ ድረስ ተሰማ። አለቃችን ብቻ ሳትስቅ «በዚህ ዕድሜሽ ዓመት ሙሉ ካልጠለቅሽ ሳንባሽ ሥራውን ይረሳል» አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንጀራዬ ከውሃ በታች ነው። መሬት ላይ ሲውሉ ምን እንደሚሠራ በደንብ አላውቅም። ቤትሽ ተቀምጬ ሸክም እንዳልሆንብሽ።

ለፓስፖርት ፎቶ ተነሣሁ። ፎቶ አንሺው «እናቴ፣ ፊትዎን ፈታ ያድርጉት» አለኝ። «ይኸው የተፈታው ነው» አልኩት።

«በስልክ ድምፅሽ ደስ ብሎት ነበር፣ ምን ተገኘ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ምንም አልተገኘም። መስመሩ ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ሰው እናቱን ለወር ይጠራል፤ ቢበዛ ለሁለት ወር። ዓመት ምን ሊሆን ነው?

እናትሽ ኮ ቦክሲል


ጃምቢያኒ፣ ዛንዚባር፣ ኤፕሪል 4 ቀን 1997

ለውድ እናቴ፤

ሰላምታዬ ከባሕር አሸዋ ይብዛልሽ። ጮህኩኝ፤ ይቅርታ። ጎረቤቶች እባብ ያየሁ መስሏቸው ዱላ ይዘው መጡ። እናቴ ልትመጣ ነው ስላቸው ዱላውን ጥለው ዘፈን ጀመሩ።

ዓመት ለምን ላልሽው፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው። ሦስት አውሮፕላን ቀያይሮ መጥቶ በወሩ የሚመለስ ሰው የለም። ሌላ ምክንያት አትፈልጊለት።

ሸክም እሆናለሁ ማለትሽን ለሀጂ ነገርኩት። ሳቀብኝ። ቡሳን ከተማ ሲማር እኛ ቤት በመጣ ቁጥር ከወደብ እስከ ደጃችን ሻንጣውን የተሸከምሽለት አንቺ ነሽ አይደል? «እናትሽ ሸክም ከሆነች እኔ ምን ልባል ነው?» አለ። የመኖሪያ ፈቃድሽን ጉዳይ እሱ ይዞታል፤ ኦገስት ላይ ስትደርሺ ያልቃል። ከአንቺ የሚፈለገው የቢጫ ወባ መርፌ ነው። ተወግተሽ ቢጫዋን ካርድ ካልያዝሽ አያስገቡሽም። ለወባ የሚዋጠውንም ኪኒን አትርሺ። ሹራብ እንዳታመጪ። አውቅሻለሁ፣ ሐምራዊውን ከታች ሸሽገሽ ልታመጪው ነው። ከጉልበት የሚወርድ ስስ ቀሚስ ይበቃሻል።

ቢ ምዋናኢዲ ክፍልሽን እያስለሰኑ ነው። ትናንት ጠርተውኝ «እናትሽ ታንኮራፋለች?» አሉኝ።

«እንጃ እማማ፤ ቤታችን ባሕር ዳር ስለሆነ እሷ ትሁን ማዕበሉ ለይቼ አላውቅም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ክፍሏ ከኔ ጎን ይሁን። ብቻዬን ማንኮራፋት ሰልችቶኛል።»

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የደረቀ የባሕር ቅጠል አምጪልኝ፤ በርከት አድርገሽ። እዚህ ቅጠሉ ሞልቷል፤ ከመንደሩ ሴቶች ጋር እየተከልኩ ገመድ ላይ ሳስር ነው የምውለው። ነገር ግን ዓይነቱ ሌላ ነው፤ ነጋዴ ይወስደዋል እንጂ ማንም አይበላውም። እኛ አገር ይበላል ስላት ጎረቤቴ «እንደ ፍየል?» ብላ ዓይኗን አፈጠጠች። ሀጂ ስለለመደው አምሮት ነው። ለእሱ ነው።

እንደምን ከርመሻል ብለሽ ስለ ጤናዬ የጠየቅሽኝን አይቻለሁ። ደህና ነኝ። ደግመሽ አትጠይቂኝ።

ልጅሽ ሚራን


ጄጁ፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1997

ይድረስ ለልጄ፤

አትጠይቂኝ ስላልሽኝ አልጠየቅሁም። የሠራሁትን ብቻ ልንገርሽ። ሱቅ ሄጄ ተጣጥፎ የታሸገውን የባሕር ቅጠል አየሁትና ተውኩት። ከማልሱን ጋር ራሳችን ካጨድነው ውስጥ ረጅሙን፣ ያልተቆረጠውን፣ ያልታጠፈውን መረጥኩ። ለማን እንደማይታጠፍ እኔም አንቺም እናውቃለን። የሚበላው ሀጂ ከሆነ ይብላው። ወንድ ልጅ ያልታጠፈ ቅጠል በልቶ ሞተ ሲባል አልሰማሁም።

መርፌውን ተወግቻለሁ። እኛ ደሴት ስለሌለ ቡሳን በመርከብ ሄጄ ነው። ብቻዬን አልሄድኩም፤ ካፒቴን ቡ ሸኘኝ። ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሆነሽ ከጓሮው መንደሪን ስትሰርቂ የያዘሽና አንድ ከረጢት ሞልቶ ሰጥቶ የላከሽ ሰው ነው። ሚስቱ ካረፈች ቆየች። ዕድሜውን ሙሉ የራሱን ጀልባ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ የሰው መርከብ ላይ ሲሳፈር ከወደቡ ሳንወጣ አስታወከ። ጀርባውን እየመታሁ አደረስኩት። ማን ማንን እንደሸኘ እንጃ።

መርፌው ያማል። ክንዴ ለሳምንት ከበደኝ። እሱም ተወግቷል፤ ከመጣሁ አይቀር ብሎ ነው።

በላክሽልኝ ወረቀት የአገራችሁን ቋንቋ እያጠናሁ ነው። «ካሪቡ» እንኳን ደህና መጣህ ማለት ነው ብለሻል። ውሻውን «ካሪቡ» ስለው ጅራቱን ቆልፎ ይሸሻል። አነጋገሬ ላይ የጎደለ ነገር አለ መሰለኝ።

ቢ ምዋናኢዲን ከጉልበታቸው ዝቅ ብዬ ሰላም እላለሁ። አላንኮራፋም በያቸው። ካፒቴን ቡም አታንኮራፊም ብሎኛል። ያየኝ መርከቡ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው።

እናትሽ


ጃምቢያኒ፣ ሜይ 12 ቀን 1997

እማዬ፤

ከመጣሁ አይቀር ብሎ የቢጫ ወባ መርፌ የሚወጋ ሰው በዓለም ላይ የለም። አንብቤ ስጨርስ ለሀጂ ሰጠሁት። እሱም አንብቦ «ሁለት ሰው ነው የሚመጣው?» አለኝ።

አልቆጣም። እንዴት እቆጣለሁ? አንቺ አንድ ነገር ሸሽገሻል፣ እኔም አንድ ነገር ሸሽጌያለሁ። ልጅ ስለሆንኩ እኔ ልቅደም።

ቅጠሉ ለሀጂ አይደለም። ታውቂያለሽ። ለአራስ የሚቀቀል ቅጠል አይታጠፍም፤ ምጡ እንዳይታጠፍባት። አያቴ ስትል እሰማ ነበር። ኦገስት መጨረሻ ላይ እወልዳለሁ፣ እማዬ። ዓመት ያልኩሽ መጥተሽ እንድታርሺኝ፣ ልጁም ድክ ድክ ሲል እንድታዪው ነው።

ሆዴ ሳይገፋ ያልነገርኩሽ ስለፈራሁ ነው። አምና አንዱ በሦስት ወሩ ወርዶብኛል። ያኔም አልጻፍኩልሽም። ውሃ ውስጥ ሆነሽ ስለኔ ብታስቢ ትንፋሽ ያጥርሻል ብዬ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ቢ ምዋናኢዲ ያን ጊዜ ከአጠገቤ አልተለዩም፤ ቁጭ ብለው ፀጉሬን ይሠሩኝ ነበር። ግን እናት አይደሉም። አሁን ይህን ስጽፍ በበሩ አለፉና «ለእናትሽ እያማሽኝ ነው?» አሉኝ። «አይ፣ እያመሰገንኩ ነው» አልኳቸው። «ማማት ይሻል ነበር፤ ስትመጣ ካመሰገንሽኝ ያነሰ ሆኜ እንዳታገኘኝ» ብለው ሄዱ።

አሁን የአንቺ ተራ ነው። ካፒቴን ቡ ምንሽ ናቸው?

ሚራን


ጄጁ፣ ሜይ 28 ቀን 1997

ለልጄ፣ ለሚራን፤

ደብዳቤሽን ጀልባ ማረፊያው ላይ ቆሜ አነበብኩት። አለቀስኩ። ከዚያ ሳቅሁ። ከዚያ እንደገና አለቀስኩ። ማልሱን አጠገቤ መረቧን እየጠቀመች «ሰው ሞተ ወይስ ተወለደ? አንዱን ያዢ እንጂ!» አለችኝ። ስነግራት እሷም እንደኔ ሆነች። አሁን መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ተቆጪ ካልሽ እሷን ተቆጪ።

የአምናውን አንብቤ ለብቻዬ ተቀመጥኩ። ሁለተኛ እንዲህ አታድርጊኝ። ትንፋሼ ላንቺም ለእኔም ይበቃል፤ በእሱ ነው ያሳደግሁሽ። ቢ ምዋናኢዲን እጃቸውን ስሜያለሁ በያቸው።

ስለ ካፒቴን ቡ ለጠየቅሽኝ። በመከር ላይ ጉልበቴን ሲያመኝ ዓሣ ማምጣት ጀመረ። ጉልበቴ ዳነ፤ ዓሣው ግን አልቆመም። ዓመት ልሄድ ነው ስለው እንዲህ ተባባልን፦

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እመለሳለሁ።»

«እኔስ?»

«አንተ ምን?»

ባሕሩን ሲያይ ቆይቶ «እዚያም ዓሣ ይጠመዳል አይደል?» አለኝ። የዚህ ሰው የጋብቻ ጥያቄ ይህች ናት። ሌላ ቃል አልጨመረባትም።

እኔ መልስ አልሰጠሁትም። አባትሽን ማዕበል የወሰደው ጊዜ ሌሎቹ ተስፋ ቆርጠው ሲመለሱ፣ ፈልጎ ፈልጎ አውጥቶ ያመጣልን እሱ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። መቃብር ያገኘነው በእሱ ነው። ለዚያ ሰው እሺ ብል የአባትሽን ቦታ የሰጠሁበት ይመስልሻል ወይ? ይህን ከአንቺ ሳልሰማ እሺም እንቢም አልልም። ደግሞም የምመጣው ሃይማኖት የሚከበርበት ቤት ነው። ያላገባችውን ወንድ አስከትላ የመጣች አያት ብሆን ቢ ምዋናኢዲ ምን ይላሉ? እስቲ በዘዴ ጠይቂልኝ። የእኔ ነው አትበይ። የአንዲት ጎረቤት ነው በይ።

እናትሽ


ጃምቢያኒ፣ ጁን 12 ቀን 1997

እማዬ፤

በዘዴ ጠየቅሁ። «እማማ፣ እኛ አገር አንዲት ጎረቤት አለች...» ስል ገና፣ «እናትሽ ሰውዬ አላት?» አሉኝ። ሀጂ ሻዩ ትን አለው።

«ካፒቴን ናቸው» አልኩ።

«ስለ ጀልባው አልጠየቅሁሽም፤ ስለ አልጋው ነው። ባሏ ነው አይደለም?»

«ገና ነው።»

«ገና የሚባል ሰው እኔ ግቢ አያድርም። ይህን ጻፊላት።» ወዲያው ደግሞ «ጠብቂ፣ ጨምሪበት። ትታው ከመጣች ቀኑን ሙሉ ባሕሩን እያየች ስትተክዝ ልትውልብኝ ነው። ትካዜ ለአራስ ቤት አይሆንም። ስለዚህ ታግባው፤ አግብታው ትምጣ። የሰውዬው ጠባይ እንዴት ነው?» አሉ።

«ዝምተኛ ናቸው።»

«አልሃምዱሊላህ! በዚህ ቤት የሚያዳምጥ ሰው አጥተን ነበር።»

ይህ የእሳቸው ነው። የእኔን ስሚ። አባቴን ያመጣልን ሰው ቦታውን ሊወስድበት አይችልም፤ መቃብሩን ሳይ ሁለቱም ናቸው ትዝ የሚሉኝ። አባቴ ከማንም ሰው ይልቅ እሳቸውን ይመርጥልሽ ነበር ብዬ አምናለሁ። እሺ በያቸው። ብዙ አታስጠብቂያቸው፤ ያ ሁሉ ዓሣ ያሳዝናል።

ጽሑፌ ወደ ጎን የተንጋደደው ጋደም ብዬ ስለምጽፍ ነው። ሐኪሟ ትንሽ ዕረፍት ብላኛለች፤ ከአልጋ አትውረጂ ነው ያለችው። የምታስቢው ነገር አይደለም። ኦገስት አሁንም ሩቅ አይደለም። ምናልባት ቀደም ብለሽ መምጣት ከቻልሽ ክፍሉ ተለስኖ አልቋል። ካልተቻለም ግድ የለም።

ሚራን


ጄጁ፣ ጁን 25 ቀን 1997

ልጄ፤

«ግድ የለም» የምትዪውን ከአባትሽ ነው የወረስሽው። እሱም ግድ የለም ያለ ቀን ጣሪያው ሊወድቅ ነበር። ሰኞ እነሳለሁ። ትኬቱን ያስቀየረው ካፒቴን ቡ ነው፤ ከዝምተኛ ሰው እንዲህ ያለ ጩኸት ይወጣል ብዬ አልጠረጠርኩም። የመኖሪያ ፈቃዱ ያልደረሰ እንደሆነ ሀጂ አየር ማረፊያው ድረስ መጥቶ የሚለውን ይበል።

ትናንት ጠዋት ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደን ፈረምን። ምሳ ማልሱን ቤት በላን። ከምሳ በኋላ ሻንጣ ማሰር ጀመርን። ሠርጌ ይኸው ነው። እሱ ፓስፖርቱ ገና ነው፤ ጀልባውንም ለእህቱ ልጅ ማስረከብ አለበት፤ ሰሞኑን አይደርስም። ስለዚህ አገባሁ፣ ብቻዬንም እመጣለሁ። ለቢ ምዋናኢዲ «ገና» የሚባለው ነገር አልቋል በያቸው።

ችግሩ ቅጠሉ ነው። ከሻንጣው ይረዝማል፤ ማጠፍ ደግሞ አይሆንም። ካፒቴን ቡ ቁጭ ብሎ ከጀልባ ሳንቃ ረጅም ቀጭን ሣጥን ሠራለት። ማልሱን አይታው «የማን ሬሳ ነው?» ስትል ጠላቂዎቹ ሁሉ ተነሡባት። ምራቋን ሦስት ጊዜ አስተፍተው ሣጥኑን እንድትስም አደረጓት። ለሾርባው የሚገባውን የአኩሪ አተር ድልህ በሦስት ፌስታል ጠቅልዬዋለሁ። ሐምራዊው ሹራብ አልመጣም። እመኚኝ።

ተኚ። አትነሺ። ሳታቋርጪ ተኚ። ይህ ደብዳቤ ከኔ ኋላ ከደረሰ እኔው አነብልሻለሁ።

እናትሽ


ጃምቢያኒ፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1997

ለካፒቴን ቡ፤

ምን ብዬ ልጥራህ? በመንደሩ ሁሉ ፊት ካፒቴን ስልህ ኖሬ «ባለቤቴ» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ አፈረ። ስትመጣ እንመካከርበታለን።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አራት መስመር ነው፤ ለአንተ ረጅም ነው። ስለ ልጅቱ በቴሌግራም የነገርኩህ ስላነሰህ ነው የጠየቅኸኝ፤ ይኸው።

የደረስኩ ቀን ሚራን ከአልጋዋ ልትነሣ ስትል ከበሩ ላይ ሆኜ ጮህኩባት። የተገናኘነው በጩኸት ነው። ከዚያ ወዲያ ቢ ምዋናኢዲ በራስጌዋ፣ እኔ በግርጌዋ ሆነን ጠበቅናት። የምንነጋገረው እሳቸው በቋንቋቸው፣ እኔ በቋንቋዬ ነው፤ ሀጂ መጀመሪያ ሲያስተረጉም ቆይቶ እንደማንፈልገው ሲያይ ተወን። ልጅቱ የተወለደችው ከተማው ሆስፒታል ነው፤ ሳትቸኩል፣ በጊዜዋ። ምጡ ከብዶ ነበር፤ ሐኪሟ ወጥታ «ሁለቱም ደህና ናቸው» ስትል ግድግዳውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ቢ ምዋናኢዲ አነሡኝና የሻሻቸውን ጫፍ ለዕንባዬ ሰጡኝ። የራሳቸውን ያበሱት በሌላው ጫፍ ነው። ስሟን ዙሁራ አሏት። ጉንጯ የእኛ፣ ጩኸቷ የእነሱ ነው።

ከዚያ ጦርነት ሆነ። እሳቸው ለአራስ ቁንዶ በርበሬ የበዛበት አጥሚት አፍልተው መጡ። እኔ የባሕር ቅጠል ሾርባዬን ይዤ መጣሁ። ሚራን ሁለቱንም አይታ ዓይኗን ጨፈነች። እሳቸው ሾርባዬን አሸተቱና ፊታቸውን አጨማደዱ፤ እኔም አጥሚታቸውን ቀምሼ ዕንባዬ ወረደ። መጨረሻ ላይ «እስቲ ይህን የፍየል ምግብ» ብለው አንድ ማንኪያ ወሰዱ። ሁለተኛ ወሰዱ። ከዚያ ሳህኑን ይዘው ወጡ። ሚራን «እማማ፣ የኔ ነው እኮ!» ስትላቸው «አንቺ አጥሚት አለሽ» አሏት። አሁን በየጠዋቱ ሁለት ሳህን ነው የምቀዳው።

ውሃው አልናፈቀሽም ወይ ላልከው። ባለፈው ሳምንት ሚራን ስትጠነክር ከመንደሩ ሴቶች ጋር ባሕር ወረድኩ። እነሱ ውሃው ሲሸሽ በእግራቸው ይገባሉ፣ ቅጠላቸውን ያስራሉ፣ ሲመለስ ይወጣሉ። መዋኘት የምታውቅ የለችም። እኔ ውሃው ጥልቅ ወዳለበት ሄድኩና ጠለቅሁ። ሞቃት ነው፤ እንደ ሾርባ ግን አይደለም፤ ማልሱን ዋሽታለች። ከታች ዓለቱ ሥር ኦክቶፐስ አየሁ፣ ተከተልኩት፣ ቆየሁ። ሳንባዬ ምንም አልረሳም። ብቅ ስል ከዳር ጩኸት ነው። ሰጥማለች ብለው ሁለቱ ደረታቸውን ይመታሉ፤ አንዷ ገመድ ይዛ እስከ አንገቷ ገብታለች፣ መዋኘት ሳትችል! ያን ጊዜ ትንፋሼን አወጣሁት፤ እንደምታውቀው እኛ ስንወጣ የምናፏጨውን። ፉጨቱን ሲሰሙ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ኦክቶፐሱን ከፍ ሳደርግ ያ ሁሉ ጩኸት ሳቅ ሆነ።

ገመድ ይዛ የገባችው ሴት ማታ ቤታችን መጥታ «አስተምሪኝ» አለችኝ። በማግስቱ ሰባት ሆነው መጡ። አስተምራለሁ ብዬ ገብቼበታለሁ። ግን ለሰባት ሴት አንድ እኔ አልበቃም። የደከመችውን የሚያወጣ፣ ጀልባ ይዞ ከጎናችን የሚቆም ሰው ያስፈልጋል፤ ያውም የማይጮህባቸው። የት እንደሚገኝ አውቃለሁ ብያቸዋለሁ።

አልጋህ ተዘርግቷል። በመስኮቱ በኩል ጀልባዎቹ ይታያሉ። ቢ ምዋናኢዲ ጠዋት «ዛሬ ነው የሚመጣው?» ይሉኛል፤ ማታ ደግሞ «ነገ ነው?» ይሉኛል። ፎቶህን ከግድግዳዬ ወስደው ለጎረቤት ሁሉ አሳይተዋል። እኔ እንኳን እንደዚህ አልጠይቅም፤ ሥራ ይዤ ነው የምውለው።

ቶሎ ና። ቢ ምዋናኢዲ በጣም ናፍቀውሃል።

ቦክሲል